ቤቱ ቀዝቅዞም ልብስ ይሻግታል፦ ስለ ሙሉ ቤት እርጥበት ማስወገጃ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ሞቃትና ወበቃማ አካባቢ ነው። ቤታችን 160 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን አምስት ሰዎች ነን። በቱቦ ወደየክፍሉ አየር የሚያከፋፍል ማዕከላዊ ኤሲ አለን። ቴርሞስታቱን 24 ላይ አድርገነውም የእርጥበት መለኪያው ከ65 እስከ 70 ያሳያል። ቁም ሳጥን ውስጥ ጫማና ቀበቶ ይሻግታል። ከኮርኒሱ አየር መውጫዎች ውሃ ይንጠባጠባል። ማታ ማታ እርጥበቱ ይውጣ ብለን መስኮት እንከፍታለን። ሁለት ትንንሽ እርጥበት ማስወገጃ ገዝተን ነበር፤ ክፍሉን ከማሞቅ በቀር አልረዱንም። አንዱ ባለሙያ ‹ኤሲውን በትልቅ ቀይሩት› ይለናል። ሌላው ‹የክፍሎቹን አየር ወደ ኤሲው ከሚመልሰው መመለሻ ቱቦ ጋር የሚገናኝ የሙሉ ቤት ማስወገጃ ልግጠምላችሁ› ይላል። የማንን እንስማ? ስንት ሊትር የሚያወጣ እንግዛ?»

የመጀመሪያውን ባለሙያ አይስሙ። ሁለተኛው የመሣሪያውን ዓይነት በትክክል መርጧል፤ የሚያገናኝበትን ቦታ ግን ስቷል። መስኮቱን ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይዝጉት።

ከመስኮቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አየር ይግባ፣ እርጥበቱ ይውጣ» የሚለው ምክር ለደረቅ አካባቢ ይሠራል። ወበቅ ባለበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። መለኪያዎ የሚያሳየው ፐርሰንት አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው እንፋሎት ምን ያህሉን እንደያዘ ነው እንጂ ውሃው ስንት እንደሆነ አይደለም። ስለዚህ በግራም እንቁጠረው። ሌሊት ውጭው 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 95 ፐርሰንት ቢሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 22 ግራም ገደማ ውሃ ይዟል። የእርስዎ ቤት አየር በ24 ዲግሪና በ68 ፐርሰንት 15 ግራም ያህል ነው የያዘው። መስኮቱ ሲከፈት እንፋሎቱ ብዙ ካለበት ጥቂት ወዳለበት ይሄዳል፤ ማለትም ወደ እናንተ። ንፋሱ ደስ ይላል፣ እውነት ነው። ውሃው ግን ፍራሽ፣ መጋረጃና ልብስ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ጠዋት ኤሲው ሲነሳ ሌሊት የገባውን ውሃ ሲያወጣ ይውላል።

ከኮርኒሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንፋሎቱ ወደ ውሃ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት አለ፤ የጤዛ ነጥብ ይባላል። በእርስዎ ቤት ይህ ነጥብ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኤሲው አየር መውጫ ደግሞ ከዚያ የቀዘቀዘ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ እንደሚያልበው ሁሉ እዚያም ያልባል። ቤቱን በ24 ዲግሪ ወደ 50 ፐርሰንት ካወረዱት የጤዛ ነጥቡ ወደ 13 ይወርዳል። ያኔ ማላቡ አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። መውጫውን በጨርቅ መጠቅለል ወይም መዝጋት ግን ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

አሁን ወደ ኤሲው። ኤሲ ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ያወጣል። እንዲያውም በ1902 እ.ኤ.አ. ዊሊስ ካሪየር የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማስተካከያ የነደፈው ብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። የማተሚያ ቤቱ ችግር ወረቀቱ በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ ቦታውን መሳቱ ነው። የሠራተኛው ምቾት የኋላ ጉዳይ ነው። ይህን የማነሳው «ኤሲ ካለ እርጥበት የለም» የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ስለሚያሳይ ነው። እምነቱ ግማሽ እውነት አለው። ኤሲው እርጥበት የሚያወጣው ኮይሉ፣ ማለትም አየሩ የሚያልፍበት ቀዝቃዛው የቱቦ ጥቅል፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ያለማቋረጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ብቻ ነው። ውሃው መጀመሪያ ኮይሉ ላይ ይጠራቀማል፤ ቆይቶ ነው ወደ መውረጃው የሚፈሰው። ትልቅ ኤሲ ሲገባ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል። ውሃው ገና ሳይወርድ ማለት ነው። ስለዚህ «በትልቅ ቀይሩ» የሚለው ምክር ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ቀዝቃዛና ረጥቦ የሚያጣብቅ ቤት መግዛት ነው።

ቴርሞስታቱን ዝቅ ማድረግም መፍትሔ አይደለም። በ24 ዲግሪ 65 ፐርሰንት የነበረ አየር፣ ውሃው ሳይቀነስለት ወደ 21 ቢቀዘቅዝ ወደ 78 ፐርሰንት ይወጣል። ውሃው ያው ነው፤ አየሩ የመያዝ አቅሙ ነው ያነሰው። ብርድ ብርድ እያላችሁ ሻጋታው ይቀጥላል።

አንድ ነገር አሁኑኑ ያረጋግጡልኝ። ቴርሞስታቱ ላይ የማራገቢያው መምረጫ «ኦን» ላይ ከሆነ ወደ «ኦቶ» ይመልሱት። «ኦን» ላይ ሲሆን ኮምፕረሰሩ (የማቀዝቀዙን ሥራ የሚሠራው ሞተር) ካረፈ በኋላም ማራገቢያው ይሽከረከራል። ኮይሉ ላይ የቀረውን ውሃ እንደገና አትንኖ ወደ ክፍሎቹ ይመልሰዋል። በዚህች አንዲት ቁልፍ ብቻ እርጥበታቸው በግልጽ የወረደ ቤቶች አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ቴክኒሻን ጠርተው የአየር ፍሰቱን ያስለኩ። ለእያንዳንዱ 12,000 ቢቲዩ (የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) የተለመደው በሰዓት 680 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ወበቃማ አካባቢ ወደ 600 ዝቅ ማድረግ ኮይሉን ያቀዘቅዘዋል፤ የሚያወጣውም ውሃ ይጨምራል። ይህንን ራስዎ አይሞክሩት፤ ከልክ ካለፈ ኮይሉ በረዶ ይሠራል።

ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ መታወቅ አለበት። ቤታችሁ 430 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። በ24 ዲግሪና በ50 ፐርሰንት በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ ያለው ውሃ አምስት ሊትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ መሣሪያ በቀን 40 ሊትር ሲያወጣ ከየት ያመጣዋል? በስንጥቅ፣ በበር ሥርና በሚያፈስ ቱቦ በኩል ያለማቋረጥ ከሚገባው አየር ነው። ከሰውም ይመጣል፤ አምስት ሰው ሲተነፍስ፣ ሲታጠብና ሲያበስል በቀን ከ10 ሊትር በላይ መጨመሩ የተለመደ ነው። ቤት ውስጥ የሚሰጣ አንድ ዙር እጥበት ሁለት ሦስት ሊትር ይለቃል። ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ምድጃ እንኳ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲያቃጥል ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ ነው። ገላ ሲታጠቡና ከዚያም በኋላ ለሃያ ደቂቃ መሥራቱ ጥሩ ነው። ሌት ተቀን ክፍት ሲቀር ግን ጠላት ይሆናል። በሰዓት 80 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ማውጫ በቀን ወደ 1,900 ሜትር ኩብ ያስወጣል። ያን ያህል አየር ደግሞ ከውጭ ተስቦ ይገባል። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ቤቱን 50 ፐርሰንት ላይ ለማቆየት መውጣት ያለበት 11 ግራም ትርፍ ውሃ ይዞ ቢመጣ፣ በቀን 21 ሊትር ነው። ሙሉ ባልዲ ውሃ! አንድ ቤት ተጠርቼ የሄድኩት «የገጠማችሁልን ማስወገጃ አይሠራም» ተብዬ ነው። መሣሪያው ጤነኛ ነበር። የሁለቱም መታጠቢያ ቤቶች ማውጫ ከመብራቱ ጋር ስለተያያዘ፣ መብራቱም ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ስለሚያድር ነው ውሃው ያላለቀው።

ስለዚህ የሚያፈሰውን የኤሲ ቱቦ ያስደፍኑ፤ በተለይ ከኮርኒስ በላይ ያለውን መመለሻ ቱቦ። እዚያ ቀዳዳ ካለ ኤሲው በተነሳ ቁጥር ከጣሪያው ሥር ወበቁን እየሳበ ወደ ቤት ያስገባል። መደፈኛው ለቱቦ የተሠራ ማስቲሽ ይሁን፤ ተራ የጨርቅ ፕላስተር በሙቀቱ ይለቃል። ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ከሆነ ከወለሉ ሥር ባዶው አፈር በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፈን። የሚያፈስ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ውስጥ የሚንጠባጠብ የውሃ መስመር ካለ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። የትኛውም መሣሪያ የሚፈስ ውሃን አይቀድምም።

ስለ ሁለቱ ትንንሽ ማስወገጃዎች ደግሞ ላስረዳ፤ «ክፍሉን ያሞቁታል» ያሉት ትክክል ነው፤ ብልሽት ግን አይደለም። እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ለአንድ ሊትር 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ላይ መሣሪያው የሚበላው ኤሌክትሪክም ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። አንድ ጥሩ ማስወገጃ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሁለት ሊትር ገደማ ያወጣል እንበል። በቀን 40 ሊትር ካወጣ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ከውሃው የሚለቀቀው 27 ሲደመር ወደ ቤቱ የሚገባው ሙቀት 47 ይሆናል። ሁለት ኪሎዋት የሚጠጋ ማሞቂያ ሌት ተቀን እንደማብራት ነው። የሙሉ ቤቱ መሣሪያም ከዚህ አያመልጥም። ልዩነቱ ሙቀቱ አንድ ክፍል ውስጥ አለመታጎሩና ኤሲው ተካፍሎ ማውጣቱ ነው። በደረቅ አየር 25 ወይም 26 ዲግሪ በወበቅ ካለ 24 ይልቅ ስለሚመች ቴርሞስታቱን ከፍ አድርጎ የወጪውን የተወሰነ ክፍል ማካካስ ይቻላል። «ማስወገጃ ከገጠምኩ ኤሲ አያስፈልገኝም» የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ማስወገጃ አያቀዘቅዝም።

ታዲያ መቼ ነው መሣሪያው የሚያስፈልገው? ከላይ ያልኩት ሁሉ ተሠርቶ፣ ውጭው ለብ ብሎ ዝናብ በሚውልባቸው ቀናትና በሌሊት እርጥበቱ ከ55 በታች ካልወረደ ነው። እነዚያ ቀናት ናቸው ኤሲን የሚያሸንፉት። ሙቀቱ ኤሲውን ለማስነሳት አይበቃም፤ እርጥበቱ ግን ጣራ ነክቷል። መለኪያዎን ማመን ስለሚኖርብዎ በጨው ይፈትሹት። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርገው ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩበት፤ እርጥብ አሸዋ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ፌስታል አሽገው ያሳድሩት። ጠዋት 75 ማንበብ አለበት። 70 ካነበበ አምስት ቁጥር እየቀነሰ ሲነግርዎ ኖሯል ማለት ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሊትር በምን ሁኔታ እንደተለካ ሳይጠይቁ አይግዙ። ብዙ አምራቾች በ30 ዲግሪና በ80 ፐርሰንት ለክተው ትልቁን ቁጥር ይጽፋሉ። ያው መሣሪያ በ27 ዲግሪና በ60 ፐርሰንት ግማሹን ገደማ ብቻ ሊያወጣ ይችላል። ቤታችሁን በመጠኑ ካሸጋችሁት በሰዓት ከአየሩ 30 ፐርሰንቱ ቢቀየር፣ በዚያው በሜትር ኩብ 11 ግራም ስሌት ከውጭ የሚገባው በቀን 34 ሊትር ያህል ነው። ከሰዎቹ 10 ሲጨመር 44 ይሆናል። በሞቃት ቀን ኤሲው ብዙውን ያነሳልዎታል፤ ለብ ባለው ዝናባማ ቀን ግን ብቻውን የሚሠራው ማስወገጃው ነው። ስለዚህ በ27 ዲግሪና በ60 ፐርሰንት ተለክቶ በቀን ከ45 እስከ 55 ሊትር የሚያወጣ ይምረጡ። ቤቱ ካልታሸገ ይህ አይበቃችሁም፤ ከታሸገ ደግሞ ከዚህ በላይ መግዛት ትርፍ ነው። በሙቀት አካባቢ ባለ ኮምፕረሰሩን ይውሰዱ። እርጥበት መጣጭ ማዕድን ያለው ዓይነት የሚበልጠው በብርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ግንኙነቱ። ማስወገጃው የራሱ አየር መሳቢያ ይኑረው። ከቤቱ መሃል፣ ለምሳሌ ከሳሎን ወይም ከኮሪደር፣ በራሱ ቱቦ ይሳብ። የደረቀው አየር የሚገባው ደግሞ ከኤሲው ኮይል በኋላ ባለው ዋናው ማከፋፈያ ቱቦ ላይ ነው። ወደ መመለሻው አይደለም! ብዙ ገጣሚ ወደ መመለሻው የሚያስገባው ቅርብና ቀላል ስለሆነ ነው። ግን ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ከማስወገጃው የወጣው አየር ደረቅና ሞቃት ነው። ኮይሉ ላይ ሲደርስ ኮይሉን ያሞቀዋል፤ ኤሲውም ሊያወጣው ይችል የነበረውን ውሃ አያወጣም። ኤሲው ባረፈበት ጊዜ ደግሞ ደረቁ አየር እርጥብ ኮይል ላይ አልፎ ውሃውን እንደገና ተሸክሞ ወደ ክፍል ይገባል። በአንድ በኩል አውጥቶ በሌላ በኩል መመለስ ነው። መብራት ይቆጥራል፣ እርጥበቱ ንቅንቅ አይልም።

ከማስወገጃው ወደ ማከፋፈያው በሚሄደው ቱቦ ላይ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ ይግባበት። ያለዚያ ኤሲው ሲሠራ ቀዝቃዛ አየር ወደ ማስወገጃው ይገፋል፤ መሣሪያውም ውስጡ ያልበዋል። ማስወገጃው በራሱ ማራገቢያ ይሥራ፤ የኤሲውን ትልቅ ማራገቢያ አብሮ እንዲያስነሳ አታስደርጉ። ሁለቱም ቱቦዎች ከኮርኒስ በላይ የሚያልፉ ከሆነ በደንብ ይሸፈኑ። መሣሪያው ከመዋቅሩ ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ ጎማ ይደረግለት፤ ከመኝታ ቤት በላይም አይቀመጥ፣ ድምፁ ይከብዳል።

ጋዝ ወይም ሌላ ነዳጅ የሚያቃጥል የውሃ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ውስጥ መሳቢያውን በፍጹም እንዳያስቀምጡ። መሳቢያው ክፍሉን ሲስበው ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። በዚህ ላይ «ምንም አይል» የሚል ገጣሚ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ውሃ መውረጃው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ተመልሰን እንድንመጣ የሚያደርገን ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቱቦው በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ። አምራቹ ባዘዘው መሠረት ሲፎን ይኑረው። ከፍሳሽ መስመር ጋር በቀጥታ አይገጠም፤ ጫፉ ከፍሳሹ ከፍ ብሎ በአየር ላይ ያንጠባጥብ፣ አለዚያ ሽታው ወደ መሣሪያው ይመለሳል። ኮርኒስ ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ ሰፊ ትሪ፣ ትሪው ላይም ውሃ ሲነሳ መሣሪያውን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ግዴታ ነው። በቀን 40 ሊትር የሚያወጣ ነገር መውረጃው ሲደፈን ኮርኒሱ በአንድ ቀን ይወርዳል። የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም አይጠጣም፤ ከብረትና ከአቧራ ጋር የተነካካ ነው። ለሽንት ቤት ማፍሰሻ ይሆናል።

ኤሌክትሪኩ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና የራሱ ብሬከር፣ ከትክክለኛ ኧርዝ ጋር ይኑረው። መቆጣጠሪያው ቤተሰቡ በሚውልበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ከኩሽና፣ ከመታጠቢያ ቤትና ከአየር መውጫ ፊት ይራቅ። 50 ላይ ያድርጉት። አንዳንዱ «ካልቀረ» ብሎ 40 ላይ ያደርገዋል። መሣሪያው ሳያርፍ ይሠራል፣ ትርፍ ጥቅም ግን የለውም። የአቧራ ትኋን (አቧራ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ተባይ) ከ50 በታች ይዳከማል፤ ሻጋታም አዲስ መሠረት አያገኝም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ሌት ተቀን ቢሠራ አትደንግጡ። ከአየሩ ሳይሆን ከእንጨቱ፣ ከፍራሹና ከግድግዳው የቆየውን ውሃ እያወጣ ነው።

ቁም ሳጥኑን በተመለከተ መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። የተዘጋ ቦታ ስለሆነ ደረቁ አየር አይደርሰውም። በሩ ሥር ክፍተት ይሠራለት ወይም በሩ ወንፊት ይሁን፤ ከውጭ ግድግዳ ጥቂት ጣት ያህል ይራቅ። ያለው ሻጋታ በመድረቅ አይጠፋም፤ ይተኛል እንጂ። ጭምብልና ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና እጠቡት፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ከቤት ይውጣ። ግድግዳውን በሰፊው ከያዘ ለሚያውቅበት ሰው ይተውት።

ውሳኔዬ ይኸው ነው። መስኮቱን ዛሬ ይዝጉ፣ ማራገቢያውን ወደ «ኦቶ» ይመልሱ፣ ቱቦውንና ማውጫዎቹን ያስተካክሉ። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ መለኪያውን ይመዝግቡ። ቁጥሩ ከ55 በታች ከገባ ገንዘባችሁን ያዙ። ካልገባ፣ አሁን በነገሩኝ ሁኔታ የማይገባ ይመስለኛል፣ ማስወገጃውን ያስገጥሙ፤ ግን ገጣሚው የራሱን መሳቢያና ከኮይሉ በኋላ የሚገባውን መውጫ በወረቀት ላይ ሥሎ ሳያሳይዎ ቀብድ አይክፈሉ። ከተገጠመ በኋላ ፊልተሩን በየወሩ ይዩት። በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ሊትር ውሃ መውረጃው ላይ አፍስሰው በሌላኛው ጫፍ መውጣቱን ይመልከቱ፤ ከዚያ ትሪው ላይ ጨምረው ተንሳፋፊው መሣሪያውን ማጥፋቱን ያረጋግጡ።